ለክረምት ሌሊት አሳ ማጥመጃ የሚሆን የግንባር ባትሪ የትኛው ይሻላል?

የአዘዞው
ሰላም ቤተሰብ። ጎንደር ነኝ። ሲመቸን ከጓደኞቼ ጋር ወደ ጎርጎራ እየወረድን አሳ እናጠምዳለን፤ በመንጠቆ ነው፣ ከዳር ሆነን፣ መረብ የለንም። አሁን ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሌሊት ሌሊት እየጣለ ነው። አምባዛ ደግሞ ደህና አድርጎ የሚበላው በጨለማ ነው፣ ስለዚህ ቀን እንሂድ ብንል አይሆንም።

ችግሬ መብራት ነው። አምባዛ ስትይዝ እጅህ ልጋግ በልጋግ ይሆናል፣ የጎን ክንፉ ላይ ያለው እሾህ ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። በአንድ እጅ ጭንቅላቱን ትጫናለህ፣ በሌላው በፒንሳ መንጠቆውን ታወጣለህ። ባትሪ የሚይዝ እጅ አይተርፍም። የነበረኝ የግንባር ባትሪ ዝናብ ካገኘው በኋላ መስታወቱ ውስጥ ጉም ሠርቶ ቀረ፣ አሁን ሲበራ ብልጭ ድርግም ይላል። ሱቅ ስጠይቅ የሚነግሩኝ ስለ ድምቀቱ ብቻ ነው። ምን አይቼ ልግዛ?

ጣና ዳር
ወንድምዓለም፣ ድምቀቱን ለጊዜው ተወው። ካርቶኑ ላይ አይፒኤክስ የሚል ጽሑፍ ፈልግ፣ ከጎኑ ያለችው ቁጥር ናት ዋናዋ። 4 ከሆነ ከየትም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ ይችላል። 7 ከሆነ እስከ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ አይገባበትም። 8 ከዚያም ይበልጣል፣ ጥልቀቱንና ሰዓቱን የሚወስነው አምራቹ ነው። አይፒ 67 ተብሎ ሁለት ቁጥር ከተጻፈ የፊተኛው የአቧራ ነው፣ አንተ የኋለኛውን እይ።

ለዝናብ ብቻ ቢሆን 4 ይበቃህ ነበር። ግን አንተ ውሃ ላይ ጎንበስ ብለህ ነው የምትሠራው፣ ከግንባርህ ከተንሸራተተ መውደቂያው ሐይቁ ነው። 7 ግዛ፣ ማሰሪያው ላይም ቀጭን ገመድ አስረህ አንገትህ ላይ አድርጋት።

ሌላው፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢሆን ክዳኑ ካልገጠመ ዋጋ የለውም። ቻርጅ ማድረጊያዋን ቀዳዳ የምትሸፍነውን ጎማ በጣትህ ጫን ጫን አድርገህ እያት። ላላ ካለች ወይም በራሷ ብድግ የምትል ከሆነ ተዋት። ክዳኑ ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም ፀጉር ካረፈች ውሃ መንገድ አገኘ ማለት ነው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጋት። ቫዝሊን ግን አትቀባት፣ የተፈጥሮ ጎማ ከሆነች ያሳብጣታል።

የደምቢያ ልጅ
ጣና ዳር ያለው ልክ ነው፣ እኔ ስለ ብርሃኑ ልጨምር። በዝናብ ከግንባርህ የሚወጣ ኃይለኛ ብርሃን ጠብታው ላይ ይመታና ተመልሶ ዓይንህ ውስጥ ይገባል፤ ሊማሊሞ ላይ በጉም ውስጥ ረጅም መብራት እንዳበራ ሾፌር ትሆናለህ። ስለዚህ ዝቅ የሚል ብርሃን ያለውን ፈልግ። ክር ለመቋጠርና መንጠቆ ለማውጣት ከ20 እስከ 50 ሉመን (የድምቀት መለኪያው ነው) ይበቃል። ለመንገድ 200 ካለህ ከበቂ በላይ ነው።

ቀይ ብርሃን ያለው ቢሆን ደግሞ በጣም ይሻላል። ዓይናችን ጨለማ በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ አንዴ ነጩን ካበራህ ያ ሁሉ ይጠፋል። ቀዩ ግን ያን ያህል አያበላሽብህም። የክረምቱን ነፍሳት ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ነጩን ስታበራ አፍህና አፍንጫህ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ቀዩ ብዙ አይስባቸውም። ግን ተጠንቀቅ፣ ቢምቢ የምትመጣው በትንፋሽህና በላብህ ነው፣ ቀይ ብርሃን አያስቀራትም። ደምቢያ የወባ አገር ነው፣ ረጅም እጅጌ ልበስ።

ስትገዛ ቁልፉን ሞክረው። አንዳንዱ ቀይ ላይ ለመድረስ መጀመሪያ ነጩን ሁሉ ማለፍ አለበት፣ ያ ምንም አይጠቅምህም። በቀጥታ ቀይ የሚበራውን ያዝ።

ጠጋኝ ከፒያሳ
እኔ የምጠግናቸው ስለሆነ ስለ ድንጋዩ ልናገር። ሱቅ የምታገኘው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሦስት የሪሞት ድንጋይ የሚሠራ፣ ሌላው 18650 በሚሏት ሊቲየም የሚሠራ ነው፤ ስፋቷ 18፣ ርዝመቷ 65 ሚሊሜትር ስለሆነ ነው ስሟ። ጥሩ የሚባለው 18650 የሚይዘው 3500 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ነው። 9900 የተጻፈበት ካሳዩህ ውሸት ነው፣ እዛው መልስላቸው። መቶ ሺህ ሉመን የሚል የግንባር ባትሪም እንደዚያው።

የእኔ ምርጫ ሁለቱንም የሚቀበለው ነው። መብራት ጠፍቶ ቻርጅ ሳታደርግ ብትወጣ የሪሞት ድንጋይ የትም ኪዮስክ አታጣም። ወደ ቤት ስትመለስ ግን ድንጋዩን አውጣው፣ ውስጥ ከቆየ ይተፋና ብረቱን ይበላዋል። ለጥገና ከሚመጡልኝ ብዙዎቹ በውሃ ሳይሆን በዚህ የተበላሹ ናቸው።

ጣና ዳር
ጠጋኙ፣ አክብሬህ በዚህ ግን አልስማማም። ዝናብ ውስጥ ቆመህ በልጋጋም እጅ ክዳን ከፍተህ ድንጋይ ስትቀይር ውሃውን ራስህ አስገባኸው ማለት ነው። ለእርጥብ ቦታ ተደፍኖ የተሠራ፣ ቻርጅ የሚደረግ ይሻላል። ቀን ሞልተኸው ትወጣለህ፣ በዝቅተኛው ብርሃን ሌሊቱን ያደርሳል።

ጠጋኝ ከፒያሳ
እሱስ እውነትህን ነው፣ ዝናብ ላይ መክፈት የለበትም። እንግዲያው አንድ የተደፈነ ዋና ይግዛ፣ አንድ ርካሽ የሪሞት ድንጋይ የሚበላ ደግሞ በላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ይያዝ። ዋናው ሲሞት ክዳን አይከፍትም፣ መብራቱን ይቀይራል። ቻርጅ ሲያደርግ ደግሞ ቀዳዳዋ መድረቋን ያረጋግጥ።

አያ ጎርጎራ
ልጆች፣ የመብራቱን እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ ሁለት ነገር ልበል። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል። ከመቀመጣችሁ በፊት ኃይለኛውን ብርሃን አብርታችሁ ደንገሉን ዙሪያውን ቃኙት፣ ከዚያ አጥፉት። ከእሱና ከውሃው መሐል ግን በፍጹም አትቁሙ። ሁለተኛ፣ በክረምት ነጭ አሳ እንቁላሉን ሊጥል ወደ መገጭና ወደ ድርማ ይወጣል። አብዛኛው ዘሩ ከጣና በቀር የትም የለም። ወንዙ አፍ ላይ ቆማችሁ አትያዙት። እባካችሁ። አምባዛችሁን ከሐይቁ ዳር አጥምዱ።

የአዘዞው
አያ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ወንዝ አፍ አንሄድም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 7 ቁጥር፣ የተደፈነ፣ በቀጥታ ቀይ የሚበራ፣ ሌላ መለዋወጫ በኪስ። ነገ ፒያሳ እወጣለሁ። አንዲት ጥያቄ ቀረችኝ፤ የዝናብ ልብሱ ቆብ አለው፣ ባትሪው ከቆቡ ስር ነው ወይስ ከላይ የሚታሰረው?

የደምቢያ ልጅ
ከላይ። ስር ካሰርከው ቆቡ ወደፊት ወርዶ ይጋርድሃል፣ የቀረው ብርሃን ደግሞ ጠርዙ ላይ እያረፈ ዓይንህን ይወጋሃል። መጀመሪያ ፊት ያለው ኮፍያ አድርግ፣ ቆቡን በላዩ ሳብ፣ ከዚያ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርገህ ከላይ እሰር። የመብራቱን አንገት ወደ እጅህ ወደታች አዘንብለው፤ ያኔ ጓደኞችህም ዞር ባልክ ቁጥር ዓይናቸውን አይሸፍኑም።