የመቀስ ጫፍ እየታጠፈ፣ የመሣሪያ መገጣጠሚያ እየዛገ ተቸግረናል

ሰላም ባልደረቦች፣ የኦፕራሲዮን መሣሪያ የምታዘጋጁ እባካችሁ እርዱን። የሜትዘንባም መቀሶቻችን (ስስ የሰውነት ክፍል የሚቆርጡት ቀጫጭን መቀሶች) ጫፍ ይታጠፋል፤ የአርተሪ ፎርሴፕሶቹ (የደም ሥር መቆንጠጫዎቹ) መገጣጠሚያ ላይ ደግሞ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል። በእርሳስ ላጲስ ስናሸው አንዳንዱ ይለቃል፤ አንዳንዱ ግን ከሥሩ የመርፌ ጫፍ የምታክል ጉድጓድ አለው። ይሄኛው እድፍ ሳይሆን ዝገት ነው።

መሣሪያውን 0.5 በመቶ በረኪና ውስጥ 10 ደቂቃ እንዘፈዝፋለን፤ ሥራ ሲደራረብ ግን እዚያው ያድራል። ክሎሪን የማይዝግ ብረትን መከላከያ ሽፋን እንደሚበላ እናውቃለን፤ ምትኩ፣ ደም የሚያሟሟው የኢንዛይም ሳሙና ግን ይጠፋል። ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ከባዱን ሪትራክተር (ቁስሉን ከፍቶ የሚይዘውን) ከታች፣ ስሱን ከላይ አድርገን፣ መቆለፊያውን ከፍተን፣ ጠቅልለን በ121 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ኦቶክሌቭ እናደርጋለን (በእንፋሎት ግፊት ጀርም እናጠፋለን)። ጥቅሉ ሲነሳ ግን ሁሉም ይንሸራተትና መቀሱ ከሪትራክተሩ ሥር ይገኛል።

የጓንት ጣት ቆርጦ ጫፉን ማልበስ እንፋሎት ስለሚከለክል ትተነዋል። እንፋሎት የሚያሳልፍ፣ እዚሁ የሚገኝ የጫፍ መሸፈኛ ምን ትጠቀማላችሁ? መቀሶቹን በትሪው ውስጥ ሳይንቀሳቀሱ የምትይዙትስ በምንድን ነው? ኢንዛይም በጠፋበት ሳምንት ደሙ መገጣጠሚያው ውስጥ እንዳይደርቅ የምታደርጉትንም ንገሩን። ቫዝሊን የምትመክሩ ካላችሁ ይቅርብን፤ እሱም እንፋሎት አያሳልፍም።