ለቲቢ ማይክሮስኮፕ ፊልተር፦ ስስ ሽፋን ይሻላል ወይስ ሲሊከን ፎቶኒክስ?

የማራኪዋ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጎንደር ነው የምኖረው። ሥራዬ የሕክምና መሣሪያ መጠገን ነው፤ ማታ ማታ የማስተርስ ትምህርቴን እከታተላለሁ። ከምጠግንላቸው ላቦራቶሪዎች በአንዱ ለቲቢ የአክታ ምርመራ የሚያገለግል ባለ ኤልኢዲ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ አለ። ኦራሚን የሚባል የሚያበራ ቀለም የተቀባው ባክቴሪያ በጥቁር ላይ እንደ ቢጫ አረንጓዴ ክር ፍንትው ብሎ መታየት ነበረበት። ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ ግን ጥቁሩ ጥቁር መሆኑ ቀረ፤ መስኩ በሙሉ አረንጓዴ ጭጋግ ለበሰ። ስላይድ የምታነበው ልጅ "ያለውን ከሌለው መለየት አቃተኝ" ስትለኝ ደነገጥኩ። እዚያ መስታወት ላይ ያለው ውጤት የሚጠብቅ ሰው አክታ ነው።

ኤልኢዲውን ቀየርኩ፣ ሌንሶቹን አጸዳሁ፣ ለውጥ የለም። ፊልተሮቹን ሳወጣቸው በአምፖሉ በኩል ያለው ጠርዙን ይዞ ዙሪያውን እንደ ሻይ ቀለበት ያለ እድፍ አብቅሏል። በጨርቅ አይለቅም፤ ከመስታወቱ ውስጥ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይህ ፊልተር ምን ሆኖ ነው? ደግሞም የመመረቂያ ጥናቴ በሲሊከን ፎቶኒክስ (ብርሃንን በሲሊከን ቺፕ ላይ መምራት) ላይ እንዲሆን አስቤ፣ ስለ ሪንግ ሬዞኔተር፣ ማለትም ብርሃን ስለሚዞርበት ትንሽ ቀለበት፣ እያነበብኩ ነው። አንድን ቀለም ለይቶ የሚያወጣ ቺፕ ከሆነ፣ የዚህን ማይክሮስኮፕ ፊልተር የሚተካ ነገር በእሱ መንደፍ እችላለሁ? ወይስ በድሮው በስስ ሽፋን መንገድ ልሂድ?

ሽፋን ሠሪው፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ውጭ አገር የሌንስ ሽፋን በሚሠራበት ቤት ዘጠኝ ዓመት ቫኪዩም ቻምበር ፊት ቆሜያለሁ፤ አሁን አዘዞ ነኝ። የነገርሽኝን እድፍ አውቀዋለሁ።

ፒያሳ ላይ ዝናብ ሲያባራ፣ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ቀስተ ደመና ሠርቶ አይተሻል። ቀለሙ ከናፍጣው አይደለም። ከላይኛው ገጽ የተመለሰው ብርሃን ከታችኛው ገጽ ከተመለሰው ጋር ሲገናኝ አንዱ ቀለም ይበረታል፣ ሌላው ይከስማል፤ የትኛው እንደሚበረታ የሚወስነው ውፍረቱ ነው። ፊልተርሽም ሥራው ይኸው ነው፣ የእሱ ሽፋኖች ግን በናኖሜትር ተለክተው በብዛት የተደረደሩ ናቸው።

የቆዩ ፊልተሮች ሽፋናቸው በትነት የተጣለ ስለሆነ በውስጡ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው። ለዚህ ነው በሁለት መስታወት መካከል በሙጫ የሚታሸገው። ሙጫው ከጠርዝ ሲላቀቅ የክረምቱ እርጥበት ይገባል። አየር በነበረበት ቀዳዳ ውሃ ሲተካ የሽፋኑ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ (ብርሃንን የማዘግየት አቅሙ) ከፍ ይላል፤ ፊልተሩ የሚያሳልፈው ቀለምም ወደ ረጅሙ ሞገድ፣ ማለትም ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ይንሸራተታል። ሰማያዊ ኤልኢዲ ደግሞ ደከም ያለ አረንጓዴ ጅራት አለው። ያንን ጅራት ሊቆርጥ የተቀመጠው ፊልተር ተንሸራቶ ካሳለፈው፣ በዓይን በኩል ያለው ሁለተኛው ፊልተር ከኦራሚን የመጣውን አረንጓዴና ከአምፖሉ የመጣውን አይለይም። የምታዩት ጭጋግ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ለማረጋገጥ ፊልተሩን ወደ መስኮት ይዘሽ መሃሉንና ጠርዙን አስተያዪ፤ ከዚያ ቀስ ብለሽ አዘንብይው። የሽፋን ፊልተር ሲዘነበል ቀለሙ ወደ አጭሩ ሞገድ ይሸሻል፤ በጅምላ የተቀለመ መስታወት ግን አይሸሽም።

ንድፉን በተመለከተ፣ መነሻው ሩብ ሞገድ ነው፤ የሞገዱን ርዝመት ለአራት፣ ከዚያ ለቁሱ ኢንዴክስ ማካፈል። ከፍተኛ ኢንዴክስ ያለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ 2.4 አካባቢ ነው፣ ዝቅተኛው ሲሊከን ዳይኦክሳይድ 1.46። ሁለቱን እያፈራረቅሽ 11 ሽፋን ብትደረድሪ በመሃለኛው ሞገድ ላይ 99.3 በመቶው ብርሃን ይመለሳል። ይህ ለመስታወት ማስጌጫ ይበቃል፣ ለፍሎረሰንስ ግን አይበቃም፤ ከስላይዱ የሚመጣው ብርሃን አምፖሉ ከሚረጨው እጅግ ደካማ ስለሆነ፣ ከሚሊዮን አንድ ብቻ የሚያሳልፍ ግድግዳ ነው የሚፈለገው። ለዚያ በወረቀት ላይ 29 ሽፋን ይደርሳል።

አሁን ብዙ ጀማሪ የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ደረስን። በዓይን በኩል ላለው ፊልተር ሰማያዊውን ልዝጋ ብለሽ የመሃሉን ሞገድ 470 ናኖሜትር ላይ ብታስቀምጪው፣ እነዚህ ሁለት ቁሶች የሚዘጉት ከ406 እስከ 557 ያለውን ሁሉ ነው። የኦራሚኑን አረንጓዴ አብረሽ ዘጋሽው። ስለዚህ መሃሉን ወደ 421 ትስቢዋለሽ፤ ያኔ የግድግዳው ጫፍ 500 ላይ ያርፋል። አንዱ ሽፋን ወደ 44 ናኖሜትር፣ ሌላው ወደ 72 ይሆናል። ነገር ግን ኤልኢዲሽ 455 አካባቢ ከሆነ፣ እዚያ ላይ ግድግዳው እንደ መሃሉ አይጠነክርም፤ የጎደለውን ተጨማሪ ሽፋን ይሞላዋል። ከጫፉ በላይ የሚያልፈውን ብርሃን በግራፍ የሚያሳየው መስመርም ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቲታኒየም በግማሽ ውፍረት ብታደርጊው መንቀጥቀጡ ይረግባል፤ የቀረውን ኮምፒውተር ይፈልግልሽ። እኔ ይህን ሥራ የወደድኩት እዚህ ላይ ነው፤ የአንድ ሽፋን ውፍረት ሁለት ናኖሜትር ስትነኪ መስመሩ በሙሉ ይተነፍሳል።

ለበሽተኛ ምርመራ ግን በሙከራ የተሠራ ፊልተር እንዳታስገቢ፣ አደራ። በአዮን ጨረር የተጣለ ጠንካራ ሽፋን ያለው ፊልተር ይገዛላቸው፤ እሱ ጥቅጥቅ ስላለ እርጥበት አይጠጣም። እስኪመጣ የቀሩትን ፊልተሮች እርጥበት የሚስብ ሲሊካ ጄል ባለበት ሳጥን ውስጥ አስቀምጪ።

ቀለበት፦

ሰላም እህቴ። እኔ የምሠራው በሲሊከን ሪንግ ላይ ነው፤ ስለ ቺፑ ልጨምር።

ለማይክሮስኮፑ አይሆንም፤ ሲሊከን የሚታይ ብርሃን ይውጣል። ብርሃን የሚያሳልፈው ከ1,100 ናኖሜትር ወዲያ ነው፤ የኦራሚኑ 520 አካባቢ ከሲሊከኑ ውስጥ አይወጣም። ለሚታይ ብርሃን ሲሊከን ናይትራይድ አለ። ቢሆንም ቀለበቱ የሚቀበለው በአንዲት ቀጭን ዌቭጋይድ (ቺፑ ላይ ባለ የብርሃን መንገድ) የገባ ብርሃንን ነው። አንቺ ያለሽ ሙሉ ምስል ነው፤ የስላይዱን ምስል 220 ናኖሜትር ከፍታ ባለው መንገድ አጉርሰሽ ልታወጪው አትችይም። ሽፋን ሠሪው በነገረሽ መንገድ ሂጂ።

ለጥናትሽ ግን ርዕሱን አትተዪው። መረጃ በብርሃን በሚጓዝበት የመስታወት ክር፣ በፋይበር ላይ፣ 1,550 ናኖሜትር አካባቢ፣ ቀለበት ሌላ ዓለም ነው። ራዲየሱ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ቀለበት በየ9 ናኖሜትሩ አንድ ሞገድ ይነጥላል፤ ከሽፋን ፊልተር ጋር ሲነጻጸር ከአቧራ የማይበልጥ ቦታ ነው የሚይዘው። ችግሩ ሙቀት ነው። በአንድ ዲግሪ ወደ 0.08 ናኖሜትር ይንሸራተታል። በመጋቢት ጎንደር ላይ በንጋትና በከሰዓት መካከል 15 ዲግሪ ልዩነት ብታገኚ፣ ቀለበትሽ 1.2 ናኖሜትር ሄደ ማለት ነው። በ100 ጊጋኸርትዝ የተከፋፈሉ የፋይበር ቻናሎች ርቀታቸው 0.8 ብቻ ነው፤ በጠዋት የያዝሽውን ቻናል ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ወስዶታል። ሰው ትንሽ ማሞቂያ እየለጠፈበት ነው የሚይዘው፣ ያም ኃይል ይበላል። ይህን ያለማሞቂያ መቀነስ ጥሩ ጥናት ነው። ንድፉን ኬሌይአውት በሚባለው ሶፍትዌር በነጻ መሳል ትችያለሽ።

የማራኪዋ፦

ጋሼ፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ፊልተሩን ወደ መስኮት ያዝኩት። መሃሉ ሰማያዊ ነው፤ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ በግልጽ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ እድፉ ባለበት ደግሞ ይብሳል። ሳዘነብለው ሁለቱም ይሸሻሉ። ግዢውን ዛሬ ጻፍኩላቸው፤ እስኪመጣ የቲቢ ስላይዶቹ ሌላ ቦታ እንዲነበቡ ተስማምተናል። ልጅቷም ዓይኗን አሳረፈች።

ማታ ደግሞ በፓይተን 29ኙን ሽፋን አስገብቼ ቆጠርኩት፤ ከሚሊዮን አንድ የምትለው ቁጥር ወጣችልኝ፣ ብቻዬን ጮኽኩ። ከዚያ ብርሃኑን በ20 ዲግሪ አዘንብዬ ሳስገባው ጫፉ ከ500 ወደ 491 አካባቢ ወረደ። ግን አንድ መስመር መሆኑ ቀርቶ ሁለት ሆነ፤ አንዱ ቀደም ብሎ ይቆርጣል፣ ሌላው ዘግይቶ። ስህተት ሠርቼ ነው?

ሽፋን ሠሪው፦

ስህተት አይደለም፣ በደንብ ሠርተሻል። ብርሃን ሲያዘነብል ሁለቱ ፖላራይዜሽኖች (ሞገዱ የሚርገበገብባቸው ሁለት አቅጣጫዎች) ሽፋኑን እኩል አያዩትም፤ ለአንደኛው በሁለቱ ቁሶች መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፣ ለሌላው ይጠባል። የሰፋለት ግድግዳው ይሰፋል፣ የጠበበት ይጠባል። በቀጥታ ሲገባ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ እስከ 10 ዲግሪ ድረስም ብዙ አይጣሉም። 45 ዲግሪ ላይ የሚቀመጠውን፣ አንዱን ቀለም መልሶ ሌላውን የሚያሳልፈውን የዳይክሮይክ መስታወት ስትነድፊ ግን ዋናው ራስ ምታትሽ እሱ ነው የሚሆነው። ቀጥለሽ 45 አድርገሽ ቁጠሪውና ሁለቱን መስመሮች እዚህ ለጥፊልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።