የሐይቅ ዳር ጎጆው ምድጃ ጭሱን ወደ ውስጥ ይመልሳል፤ ምን ላድርግ?

ከብሔራዊ ፓርክ አጠገብ፣ ሐይቅ ዳር ባለች የእንጨት ጎጆ ከሁለት ልጆቼ ጋር አርፌያለሁ። መብራት የለም፤ የምንሞቀው በብረት ምድጃ ብቻ ነው። ትናንት ማታ እሳቱን ለኩሼ ሳልጨርስ ጭሱ ክፍሉን ሞላው። ማገዶው እርጥብ ነው፤ ሲነድ ጫፉ አረፋ ያወጣል። የአየር ማስገቢያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ፣ አመዱንም ጠረግኩ፤ ለውጥ የለም። ከእሳት የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ ስለሌለው ፈራሁና እሳቱን አጥፍቼ፣ መስኮቱን ከፍተን በብርድ አደርን።

ሐይቁ ሲነጋ እንዴት ያምራል! ጥለን መሄድ አልፈልግም። የቀዘቀዘውን የጭስ ማውጫ አስቀድሞ በሚነድ ወረቀት ማሞቅ ይረዳል? ወይስ ቱቦው ተዘግቶ ይሆን? ጣሪያ ላይ ሳልወጣ በምን ልለየው? ጠባቂው የሚመለሰው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እባካችሁ፣ ሳይመሽ የምታውቁትን ንገሩኝ።