ሀዋሳ ላይ የሼፎች ማኅበር ብናቋቁም ከየት እንጀምር?

የሐይቅ ዳር ኩክ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሀዋሳ ሆቴል ውስጥ ኩክ ነኝ። ከየሆቴሉ ተሰባስበን የሙያ ማኅበር እናቋቁም እያልን ነው። ግማሹ «ዕቁባችን ይበቃናል» ይላል። ለመሆኑ የሼፎች ማኅበር እንዴት ተጀመረ? ምንስ ይፈይዳል?

እትዬ ካተሪንግ፦
ጎሽ የኔ ልጅ! ዕቁባችሁንም አትተዉ፤ የማኅበር ሥራ ግን ሌላ ነው። ኦጉስት ኤስኮፊዬ የሚባለው ፈረንሳዊ ወጥ ቤቱን በክፍል በክፍል አደራጅቶ፣ ሶሱን ለአንዱ፣ ጥብሱን ለሌላው ሰጥቶ፣ ከሁሉም በላይ አንድ ኃላፊ አስቀመጠ። እኛም እስከ ዛሬ በዚያው ሥርዓት ነው የምንሠራው። በ1928 እ.ኤ.አ. የ17 አገር 65 ተወካዮች ፓሪስ፣ ሶርቦን ተሰብስበው የዓለም ሼፎችን ማኅበር ሲመሠርቱ የክብር ፕሬዚዳንት ያደረጉት እሱን ነበር። ልብ በል፣ ተወካዮቹ የመጡት ከ36 ማኅበራት ነው። አሜሪካኖቹም በ1929 ፌዴሬሽናቸውን ያቋቋሙት ኒውዮርክ ውስጥ የነበሩ ሦስት ማኅበራትን አዋሕደው ነው። የየከተማው ማኅበር ቀድሞ ስለነበረ ነው ትልቁ የቆመው። ስለዚህ አዲስ አበባን አትጠብቁ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከጀርባው በቢላዋ ገብቶ፣ አጥንቱን ተከትሎ ሥጋውን በአንድ ስበት የሚያወርደው ልጅ ትምህርት ቤት አልገባም። ቆጮውን ጨምቃ፣ አብስላ፣ በቅቤ አሽታ ቡርሳሜ የምታቀርብ የሲዳማ እናትም ዲፕሎማ የላትም። እኔ ካተሪንግ ተምሬ የመጣሁት እንኳ ዓሣ መበለት ያወቅኩት ከእነዚያ ልጆች ነው። እነሱ የሌሉበት ማኅበር የሀዋሳ ማኅበር አይባልም።

የሕግ ባለሙያ፦
ስለ ምዝገባው ልጨምር። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ ወይም አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠሩትን አገር በቀል ድርጅቶች ነው። ሲዳማ ክልል ውስጥ ብቻ ከሆናችሁ ክልሉን ጠይቁ።

የሐይቅ ዳር ኩክ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ፣ የአሞራ ገደሎቹ እኮ ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና ወረቀት፣ የላቸውም። አባል ለመሆን ወረቀት አንጠይቅ ነው የሚሉት?

እትዬ ካተሪንግ፦
አዎ፣ አትጠይቁ። አባል አድርጓቸውና ለምዘናው እናንተ አዘጋጇቸው፤ እነሱ ደግሞ ለኮሚዎቻችሁ፣ ለጀማሪ ረዳቶቻችሁ፣ ቢላዋ አያያዝ ያስተምሩ። የዓለም የሼፎች ቀን በእኛ ጥቅምት 10 ገደማ ይውላል፤ የመጀመሪያ ስብሰባችሁን ያን ዕለት አድርጉት። ሰዓቱ ግን ከምሳ በኋላ ይሁን፣ ወጥ ቤት የሚሠሩት እናቶች እንዳይቀሩ።