ግሬኑ (ምስሉ ላይ የሚታየው ቅንጣት) ጎላ ብሎ የሚወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ጠቁሙኝ

ባለካሜራዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኤችፒ5 የሚባለውን ፊልም በ400 ፍጥነት (ቁጥሩ ሲጨምር ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል) አንስቼ ዲ-76 በሚባል ማጠቢያ ኬሚካል ነው የማጥበው። ምስሉ ንጹህ ነው፣ ግን ለዓይኔ በጣም ለሰለሰብኝ። አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስል ሻካራ ነገር አምሮኛል። ፊልሙን ልቀይር ወይስ ኬሚካሉን?

አሮጌው ሌንስ፦ ትራይ-ኤክስ የሚባለውን ፊልም ግዢ። ሌላ ወሬ የለም። በ35 ሚሊ ሜትር ከ1954 ጀምሮ አለ።

ጥላና ብርሃን፦ የፈለግሽውን ግዢ፣ ለሰው እንዳታሳጥቢ ብቻ! ለአንድ ላብራቶሪ «በ1600 ነው ያነሳሁት፣ ሁለት ስቶፕ ፑሽ አድርጉልኝ» (ብርሃኑ በሁለት እርከን ስላነሰ አስረዝማችሁ እጠቡልኝ ማለት ነው) ብዬ ጥቅሉ ላይ ጽፌ ሰጠሁ። እንደ 400 አጥበው መለሱልኝ። ኔጌቲቩ ስስ፣ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረው። የእህቴ ሰርግ እኮ ነው!

ደጉ፦ ኧረ የትኛው ነው? በውስጥ መስመር ንገረኝ።

ነገረኛው፦ ሰርግ በአንድ ጥቅል ያነሳ ሰው ይመክረናል። ቀጥል፣ እየተማርን ነው።

ጥላና ብርሃን፦ ሁለት ጥቅል ነበር!

ሚጡ፦ ስልክ ላይ ግሬን የሚጨምር አፕ አለ እኮ፣ ምን አደከመሽ?

ባለካሜራዋ፦ ሚጡዬ፣ ፊልም ነው ያልኩት 😅

ጨለማ ክፍል፦ እህቴ፣ ፊልሙን አትቀይሪ። ዲ-76 ውስጥ ያለው ሰልፋይት የሚባል ብዙ ጨው ምስሉን የሚሠራውን የብር ማዕድን ቅንጣት ጠርዝ እያሟሟ ያለሰልሰዋል። ሮዲናል የሚባለው ሌላው ማጠቢያ እንዲያ አያደርግም፣ ቅንጣቱን እንዳለ ይተወዋል። ያንኑ ኤችፒ5 በ1600 አንሺና በሮዲናል 1+25 (አንድ እጅ ሮዲናል በ25 እጅ ውሃ) እጠቢው። ጥላ ያረፈበት ቦታ ግን ድፍን ጥቁር ይሆናል፤ ፑሽ ሲደረግ ብርሃን ያልደረሰበት ነገር ከየትም አይመጣም። ይህን ካልወደድሽ ራቅ ብለሽ አንሺና መሃሉን ብቻ ቆርጠሽ አሳድጊ፤ ግሬኑ አብሮ ያድጋል። እኔ የምመርጠው ይህን ቆርጦ ማሳደጉን ነው፣ ኬሚካል አያስቀይርም።

ደጉ፦ ዴልታ 3200 የሚባል ፊልምም አለ። ስሙ 3200 ይበል እንጂ ትክክለኛ ፍጥነቱ 1000 ገደማ ነው።

አሮጌው ሌንስ፦ ትራይ-ኤክስን የሚያህል የለም አልኩ።

ጨለማ ክፍል፦ ጋሼ፣ የዛሬው ትራይ-ኤክስ ግሬኑ ከድሮው የደቀቀ ነው።

አሮጌው ሌንስ፦ ለኔ አልደቀቀም።

ባለካሜራዋ፦ አመሰግናለሁ። ሮዲናል ከተከፈተ በኋላ ይበላሻል?

ጨለማ ክፍል፦ ዓመታት ይቆያል። ቢጠቁርም አትደንግጪ።

ጥላና ብርሃን፦ ገንዘቤን እንኳ አልመለሱልኝም።