ስለ አቃቂ ውሃ ለተወካያችን ምን ብዬ ልናገር?

ባለ ቆስጣዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከቃሊቲ ወረድ ብሎ ትንሹ አቃቂ ዳር ጥቂት መደብ ቆስጣና ሰላጣ አለኝ። ማለዳ ቆርጬ ጉሊት ላይ የምሸጠውም እኔው ነኝ። ወንዙ አንዳንድ ቀን አረፋ ተሸክሞ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ የሻይ ቀለም ይዞ። ከላይ ያለው ፋብሪካ (ስሙን አልጠራም) የሚለቀው ዝናብ ጠብቆ ነው፤ ውሃው ሲደፈርስ ማን ይለየዋል። የውሃ ሞተሬን የማስነሳው መጀመሪያ አሽትቼ ነው።

ሰሞኑን የወረዳ ስብሰባ ላይ አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ ተነሥቶ «ይሄ የአካባቢ ሕግ ባለሀብት እያባረረ ነው፣ ላላ ማለት አለበት» አለ። ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። እጄን ላወጣ ብዬ ተውኩት። ጎኔ የተቀመጠችው ደንበኛዬ ናት፤ ማይክ ይዤ «ውሃው ተበክሏል» ብል ነገ ቆስጣዬን ማን ይገዛኛል? ለልጆቼ የምቀቅለው በቧንቧ ውሃ ካጠጣኋት አንዲት ጥግ ነው። ይህን ስጽፍ አፍሬ ነው።

የፓርላማ ተወካያችንን ማግኘት የፈለገ ሰው እንዴት ያደርጋል? ሕጉን እንዳትነኩት ለማለትስ ውስጡ ምን አለ? «ጸልዪ» ለምትሉኝ፣ እሱን እያደረግኩ ነው።

ራፖር ጸሐፊው፦
እህቴ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ አቤቱታ የምጽፍ ሰው ነኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም። ግን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ፈልጊና አንቀጽ 11ን አንብቢ። ማንኛውም ሰው፣ «እኔን ነክቶኛል» ብሎ ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ በሚበክል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም የተሰጠው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ክስ ይመሠርታል። በሌላው ክስ መጀመሪያ የምንጠየቀው «አንተን ምን አገባህ?» ነው። እዚህ ግን ሕጉ ራሱ ያገባሃል ይላል። ስለዚህ አንቺ ሳትታዪ፣ አንዲት መደብ ቆስጣ የሌለው ጎረቤትሽ ሊያመለክት ይችላል።

ሁለተኛው አዋጅ 299/1995 ነው። የተጽዕኖ ግምገማ (ሥራው አካባቢውን ምን ያህል ይጎዳል ብሎ አስቀድሞ ማጥናት) የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ፈቃድ ሳያገኝ አይጀመርም፣ ጥናቱም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ይሰጥበታል። «ላላ ይበል» የሚል ሰው እጁን የሚሰድደው እነዚህ ሁለቱ ላይ ይመስለኛል። ለተወካይሽ «አካባቢ ይጠበቅ» ብለሽ አትጻፊ፤ ይህን ማንም ይላል፣ ሰውዬውም ይለዋል። «ከአንቀጽ 11 አንዲት ቃል እንዳትቀንሱ» በይ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ መኖርን መብት አድርጎታል፤ እሱን መግቢያው ላይ አንድ መስመር አስገቢ፣ ይበቃል።

የቱሉ ዲምቱው፦
ድካም ነው። በ2009 የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲሞት ሕጉ ነበር። ወረቀት ላይ ያለ ሕግ ላላ ጠበቀ ምን ለውጥ አለው? እኔ ሁለቴ አመልክቼ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲልከኝ ነው የከረምኩት።

የግድቡ ልጅ፦
ወንድሜ ከቱሉ ዲምቱ፣ «ሕጉ አልተሠራበትም» ማለትና «ሕጉ ይቅር» ማለት ይለያያል። አንተን ሁለተኛው ቢሮ እንኳ የተቀበለህ ሕጉ ስላለ ነው።

እኔ ያደግኩት አባ ሳሙኤል ግድብ አጠገብ ነው። የእናንተ ውሃ ማረፊያው እኛ ጋ ነው፤ እንቦጩ ሜዳ መስሎ ተኝቶበታል። ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ። እትዬ ባለ ቆስጣ፣ ፓርላማ የሚሠራው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ተወካይ ወደ መራጩ የሚወርደው በእረፍቱ ነውና ያኔ ያዙት። አዲስ አበባ 23 የፓርላማ ወንበር ስላላት የእናንተን ምርጫ ክልል መጀመሪያ ለዩ። እኛ ያለፈው ክረምት በእድራችን ማኅተም ደብዳቤ ጻፍን፤ በእድር ስም ሲሆን የማንም ጎመን አይጠራም። ስንሄድ ከሦስት ቦታ የተቀዳ ውሃ በሃይላንድ ይዘን ነበር። አንዱን ከፍተን ጠረጴዛው ላይ ስናስቀምጥ ጸሐፊዋ ተነሥታ መስኮት ከፈተች። ደብዳቤያችንን ተወካዩ ያነበበው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለ ቆስጣዋ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የእድሩን ነገር እንዴት ሳላስበው ቀረሁ፤ እሑድ ስብሰባ አለን፣ አነሣዋለሁ። የቱሉ ዲምቱው ወንድሜ አትቀየመኝ፣ በ2017 ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ ሲወጣ እኔም «አሁን በምን ልቋጥር?» ብዬ ሳማርር ነበር። ሕግ እኔን ሲይዘኝ እንዲላላ፣ ፋብሪካውን ሲይዘው እንዲጠብቅ መፈለጌን ዛሬ ነው ያየሁት።

ራፖር ጸሐፊው፣ ለደብዳቤው ስንት ታስከፍላለህ? ብር ካጠረን በቆስጣ እከፍልሃለሁ፤ ከየትኛው መደብ እንደምቆርጥልህ አንተው ምረጥ።