የሚቻም ክሪኬት ሜዳ ጉብኝት፦ ማመልከቻው ላይ ምን እንጻፍ?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን ልጆች በሰመር የሚቻም ክሪኬት ክለብን እንዲጎበኙ የጋራ ማመልከቻ ልንጽፍ ነው። «ለምን ሚቻም?» ለሚለው የኔ ረቂቅ ይኸው። «በደቡብ ለንደን፣ ሚቻም መስክ ላይ ከ1685 ጀምሮ ክሪኬት ሲጫወቱ ኖረዋል። የባሕር ኃይሉ ጀግና ኔልሰንም ቆሞ ይመለከት ነበር።» ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። እስቲ አስተያየታችሁን ወርወር አድርጉ።

የአራተኛ ክፍል ተጠሪ፦ 1685 ይቆይ፤ ክለቡ ራሱ የሚኮራበት ዓመት ነው። ልጆቹን ያኔ ጎንደር ላይ አዲያም ሰገድ ኢያሱ ነበሩ ብንላቸው ዘመኑ ቶሎ ይገባቸዋል። ኔልሰን ግን ይውጣ። ጎረቤት መርተን መኖሩ እርግጥ ነው፤ ጨዋታ ያይ ነበር የሚለው ግን ሲወራ የመጣ ነገር ነው። አሉ ተባለ ላይ አንፈርም።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ወጣ። በሱ ቦታ ማን ይግባ?

የስፖርት ተጠሪ፦ ጄምስ ሳውዘርተን ነዋ! ሚቻም ውስጥ «ዘ ክሪኬተርስ» የሚባል መጠጥ ቤት ይዞ ይሠራ ነበር። እንግሊዝና አውስትራሊያ በመጋቢት 1877 ሜልበርን ላይ የመጀመሪያውን የቴስት ግጥሚያ፣ አገር ከአገር የሚገጥምበትን ለቀናት የሚዘልቅ ጨዋታ፣ ሲጫወቱ ለእንግሊዝ ተሰለፈ። ዕድሜው 49 ዓመት ከ119 ቀን! በዚያ ዕድሜ ቴስት የጀመረ እስከ ዛሬ የለም። በ1880 ሞቶ እዚያው ሚቻም ተቀበረ። ሌላም ጉድ አለው፤ በ1867 ለሦስት ካውንቲ፣ ማለትም ለሦስት የእንግሊዝ ክፍለ ሀገር ቡድኖች፣ ለሰሪም፣ ለሰሴክስም፣ ለሃምፕሻየርም ተጫውቷል። በአንድ ዓመት ለአንድ ካውንቲ ብቻ የሚለው ሕግ የመጣው በ1873 ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሦስት ቦታ መሥራት እኛ የጀመርነው መስሎኝ ነበር 😂 ግን የልጆች ማመልከቻ ላይ መጠጥ ቤት ይጻፋል እንዴ?

ሰብሳቢ፦ ይጻፍ። ሰውየው እንጀራውን የበላበት ነው፣ ምን ያሳፍራል?

የአራተኛ ክፍል ተጠሪ፦ ለልጆች ከሆነማ ኸርበርት ስትረድዊክ ይበልጣል። በ1880 ሚቻም ተወለደ። የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ልጅ ነበር። ዘማሪዎቹ ሲጫወቱ የምትቆጣጠራቸው የቄሱ ልጅ ነበረች። ይሄ ትንሽ ልጅ ራቅ ብሎ ይቆምና ኳስ ወደ ዊኬቱ፣ ከመቺው ጀርባ ወደተተከሉት ሦስት እንጨቶች፣ በተወረወረ ቁጥር ሮጦ መጥቶ ይቀልባል። አየችውና አንተ ሁልጊዜ ዊኬት ጠባቂ፣ ከእንጨቶቹ ኋላ ቆሞ ኳስ የሚቀልበው፣ መሆን አለብህ አለችው። በዚያው ቀረ። ለሰሪ ሲጫወት ኖረ፣ ለእንግሊዝም 28 ቴስት ተሰለፈ። የኛም ልጆች መዝሙር ያጠናሉ፣ ኳስም ያሯሯጣሉ።

ጸሐፊ፦ ይሄ ደስ ይላል። ሁለቱም ገብተዋል። ከሳውዘርተን እንጀምርና በስትረድዊክ እንጨርስ።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ መንገዱስ? ተጫዋቾቹ ልብስ የሚቀይሩበት ቤት፣ ፓቪሊየን የሚሉት፣ በ1904 የተሠራው፣ ከሜዳው ማዶ ነው ያለው። መሐሉን መኪና ይሄድበታል። መቺው እግሩ ላይ ፓዱን፣ የእግር መከላከያውን፣ እንዳሰረ፣ ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ግራ ቀኝ አይቶ አስፋልት ይሻገራል። ተሸንፎ ከጨዋታ ሲወጣም ያው ነው፤ ተናዶም ቢሆን መኪና እስኪያልፍ ይቆማል። ልጆች ከምንም በላይ የሚያስታውሱት ይሄንን ነው።

ሰብሳቢ፦ ልክ ነው፣ ግን የደኅንነት ቅጹ ላይም ይሄው ይመጣብናል። ለአምስት ልጅ አንድ ወላጅ ብለን እንጻፍ። ደግሞ የፓቪሊየኑ ዕጣ ለዓመታት ሲያከራክር የቆየ ጉዳይ ነው። ማመልከቻው እዚያ ውስጥ እንዳይገባ። እኛ እንግዶች ነን፤ ታሪኩን እንጠይቅ፣ ለማንም ጠበቃ አንሁን።

የስፖርት ተጠሪ፦ እዚህ ላይ አልስማማም ጋሼ። ቤቱ ከሌለ ክለቡ የት ልብስ ሊቀይር ነው? ቢያንስ «ሜዳውና ፓቪሊየኑ አብረው እንዲኖሩ እንመኛለን» የምትል አንዲት መስመር ትግባ።

ሰብሳቢ፦ «እንመኛለን» ከሆነ ይሁን። ከዚያ አትለፉ።

ጸሐፊ፦ ገብታለች። አሁን የቀረው እኛ ለክለቡ ምን እናቀርባለን የሚለው ነው። ባዶ እጃችንን አንሄድም መቼም።

ገንዘብ ያዥ፦ በጨዋታው መሐል የሻይ ዕረፍት አላቸው። ሻዩን እነሱ፣ ድፎውንና ሳምቡሳውን እኛ ብለን እንጻፍ። ሁለት ድፎ ከኔ። ከሰል እንደማይፈቀድ እገምታለሁ፤ ስለዚህ ቡናው እቤት ተፈልቶ በፔርሙዝ ይምጣ።